ገዳዩን ገና በመጀመሪያው ካወቅነው ምን ልንጠብቅ ነው?

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ከምታሳይ ወጣት ነው። እንዲህ ትላለች፦

«‹ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን› የሚለውን ፊልም አሳየን። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የጨረስነው። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ‹አቦ፣ ገዳዩ ገና በመጀመሪያው ታወቀ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ልንጠብቅ ነው?› ብሎ መሃል ላይ ወጣ። ግማሹ ‹እንዲህ ያለ ፊልም አይተን አናውቅም› ብሎ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። አክስቴ ደግሞ ከሁለቱም አልሆነችም። ‹ታሪኩ የሴትየዋ ሆኖ ሳለ ለምን ባልየውን ያሳዩናል?› አለች። ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ እኛ ነን ያላየነው? ለወጡትስ ደግመን ብናሳያቸው ይሻላል?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። ፊልሙ አልተበላሸም። የወጡት ሰዎችም ፊልም ማየት ስለማያውቁ አይደለም የወጡት። ነገሩ ከላይ ሲታይ የርዝመት ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ቤታችሁን የከፈለው ርዝመቱ ነው ብዬ አላምንም። የከፈለው ፊልሙ ተመልካቹን ማን አጠገብ እንዳስቀመጠው ነው። 206 ደቂቃ ሙሉ ከገዳዩ ጋር አንድ ማዕድ ያስቀርብሻል፤ ከዚያም አያስነሳሽም። ይህን የሚችለው ሰው አለ፣ የማይችለውም አለ። አክስትሽ ያነሱት ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። እሱን በሰፊው እመጣበታለሁ።

እኔ እዚሁ ድሬ የፊልም ኤዲቲንግ ነው የማስተምረው። ስለዚህ የምመልሰው በዋናነት ከአሠራሩ ተነስቼ ነው።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1920ዎቹ። ኦሴጅ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው ሥር ነዳጅ ተገኝቶ በጣም ሀብታም ሆነዋል። ኧርነስት በርክሃርት የሚባል ሰው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ አጎቱ ጋ ይመጣል። አጎቱ ዊሊያም ሄል የከብት ሀብታም ነው። ኧርነስት ሞሊ የምትባል የኦሴጅ ሴት ያገባል። ከዚያ የሞሊ ቤተሰብ አንድ በአንድ ያልቃል። ከጀርባ ያለው አጎትየው ነው፤ ተላላኪው ደግሞ ባልየው። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ነው። ኧርነስትን ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ፣ ሄልን ሮበርት ዴ ኒሮ፣ ሞሊን ሊሊ ግላድስቶን ተጫውተዋል። መነሻው ዴቪድ ግራን በ2017 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ፊልሙ በ2023 ወጣ፤ ለ10 ኦስካር ታጭቶ አንድም ሳይወስድ ቀረ። ስለዚህ በሐሳብ የተለያየው የእናንተ ቤት ብቻ አይደለም።

አሁን መሃል ላይ ለወጡት ሰዎች ልከራከርላቸው። ብዙዎቹ የወጡት አንድ ቁልፍ ነገር ስላመለጣቸው ይመስለኛል። ይህን ቁልፍ ፊልሙ በፍጥነት፣ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ መሃል ላይ ጣል አድርጎት ያልፋል። በሰብታይትል የሚያይ ሰው፣ ያውም በድሬ የ8 ሰዓት ሙቀት፣ ቢያመልጠው አይፈረድበትም። ፊልሙን የምወቅስበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ቁልፉ የውርስ ሕጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1906 በወጣ ሕግ የኦሴጆች መሬት በነፍስ ወከፍ ተከፋፈለ። ከመሬቱ ሥር ያለው ማዕድን ግን አልተከፋፈለም፤ የጋራ ሆኖ ቀረ። በመዝገብ የሰፈሩት 2,229 ሰዎች ከነዳጁ ገቢ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድርሻ ያዙ። ይህ ድርሻ አይሸጥም። የሚተላለፈው በውርስ ነው። በ1923 ብቻ ለሕዝቡ የገባው ገንዘብ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያ ዘመን ዋጋ አስቢው።

የማይሸጥ ነገር የቋመጠ ሰው ምን ያደርጋል? ባለቤቷን ያገባል። ከዚያ ይቀብራታል።

ይህ ብቻ አይደለም። ብዙ ኦሴጆች «ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም» ተብለው ነጭ ሞግዚት ተሹሞባቸው ነበር። ሞሊ ከራሷ ገንዘብ ለማውጣት ሞግዚቷ ፊት ቀርባ ምክንያቷን ታስረዳለች። ትዝ ካለሽ ገና መጀመሪያው አካባቢ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ስሟን ትናገራለች፤ ብቃት የሌላት መሆኗንም በገዛ አፏ ታስመዘግባለች። ልብሷ የተስተካከለ ነው። አነጋገሯ የተረጋጋ ነው። ከፊቷ ካለው ሰው ይልቅ የበሰለችው እሷ እንደሆነች ታያለሽ። ፊልሙ ቆም ብሎ «እዩ፣ በደል ነው» አይልም። ሰው ወደ ባንክ ሄዶ ጉዳይ እንደሚጨርስ አድርጎ ያሳይሽና ያልፋል። ፊልሙ በሙሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ወንጀሉን እንደ ዕለት ተዕለት ጉዳይ ያሳይሻል።

አሁን የሟቾቹን ተራ በውርስ ዓይን ተመልከቺው። የሞሊ እህት ሚኒ በ1918 በሕመም ሞተች። ሌላዋ እህቷ አና በግንቦት 1921 ጭንቅላቷን በጥይት ተመትታ ሸለቆ ውስጥ ተገኘች። እናታቸው ሊዚ በዚያው ክረምት ሐምሌ ላይ ሞተች። በመጋቢት 1923 የሦስተኛዋ እህት የሪታ እና የባሏ የቢል ስሚዝ ቤት በፈንጂ ወደቀ፤ ሪታ እና የቤት ሠራተኛቸው እዚያው ሞቱ። ከልጅ ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ቀረችው ልጅ። ድርሻው ሁሉ እየተጠራቀመ የሚሄደው ሞሊ ጋ ነው። የሞሊ ወራሽ ደግሞ ባሏ ነው።

ቤቱ በፈንጂ እንዲወድቅ የተደረገውም እንዲሁ ለጭካኔ አይደለም። ባልና ሚስቱ አብረው ከሞቱ የሪታ ሀብት አብዛኛው ወደ ሞሊ ይሄዳል። ግን ቢል ስሚዝ ወዲያው አልሞተም። ቀናት ቆየ። እሱ ከሚስቱ ቀናት በመኖሩ ብቻ የሚስቱ ሀብት ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ ዘመዱ ሄደ። እንግዲህ የሰው ሞት በዚህ ደረጃ ተሰልቷል። ሄንሪ ሮአን የተባለው ኦሴጅ የተገደለውም እንዲሁ ነው። ሄል በሰውየው ሕይወት ላይ 25,000 ዶላር የመድን ዋስትና ገብቶበት ነበር።

ይህን ይዞ የተቀመጠ ሰው «ማነው ገዳዩ?» እያለ አይጠብቅም። «ቀጥሎ ድርሻው ማን ጋ ይሄዳል? ሞሊ መቼ ትደርስባቸዋለች? ባልየው የት ላይ ይቆማል?» እያለ ነው የሚጠብቀው። ይህን ያልያዘ ሰው ግን የሚያየው ዝም ብሎ የተደረደረ ግድያ ነው። እሱ በሦስት ሰዓት አይደለም፣ በአንድ ሰዓትም ይሰለቻል። እውነቱን ነው።

ታዲያ ዳይሬክተሩ ገዳዩን ለምን አልደበቀውም? መደበቅ ይችል ነበር። መጽሐፉ ራሱ ሄልን እስከ ታሪኩ አጋማሽ ድረስ ደግ ጎረቤት አስመስሎ ነው የሚያቆየው። የመጀመሪያው ስክሪፕትም ከመርማሪው ወገን ነበር የተጻፈው። ዲካፕሪዮ እንዲጫወት የታሰበው ኧርነስትን አልነበረም፤ ከዋሽንግተን የተላከውን መርማሪ ቶም ኋይትን ነበር። ኋላ ላይ ነው የተገለበጠው። ስኮርሴዚ ኦሴጆች ጋ ሄዶ ሲያዳምጥ፣ ኧርነስት እና ሞሊ የእውነት ይዋደዱ እንደነበር ከቤተሰቡ ሰማ። ከዚያ የፊልሙ ልብ ከምርመራው ወጥቶ ወደ ጋብቻው ገባ።

የመጀመሪያው ስክሪፕት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ከቤትሽ ማንም አይወጣም ነበር። ባለ ኮፍያው መርማሪ በባቡር ይመጣል፤ ፍንጭ ይለቅማል፤ ሄልን ይይዛል። እኛም ተገላግለን ወደ ቤታችን እንገባለን። ግን የተገላገለ ሰው አልነበረም። የፌዴራሉ ምርመራ ሄልን እና ጥቂት ሰዎችን ይዞ መዝገቡን ዘጋ። በዚያ ዘመን የተገደሉት ኦሴጆች ግን በትንሹ ከ20 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሄል ጋር የማይገናኙ ናቸው። ሐኪሙም፣ ቀባሪውም፣ ሞግዚቱም፣ ሸሪፉም የሚያውቁት ነገር ነበር። እንዲህ ያለውን ወንጀል በ«ማነው?» ጥያቄ ብትሠሪው የአንድ መጥፎ ሰው ታሪክ ይሆናል። ከተማው በሙሉ ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ገዳዩን ከመጀመሪያ ማሳየቱን እደግፋለሁ፤ አጥብቄ ነው የምደግፈው።

እዚህ ላይ ስለ ድሬ አንድ ነገር ልበል። ኧርነስት ታሪኩ ወደሚፈጸምባት ከተማ፣ ወደ ፌርፋክስ የሚገባበት የባቡር ጣቢያ ትዕይንት አለ። ከባቡሩ ሲወርድ ሠራተኛ ፈላጊው፣ ሻጩ፣ ደላላው፣ ዕድል ፈላጊው ሁሉ ይተራመሳል። ድሬዳዋ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከዓረብ፣ ከህንድ፣ ከፈረንሳይ ሰው መጥቶባታል። ድሬ እንደ ፌርፋክስ ናት ማለቴ አይደለም፤ በፍጹም። ነገር ግን ከዚራ እና መጋላ ያደገ ሰው፣ ሀዲድ ይዞት የሚመጣው ሰው ሁሉ የተለያየ ሐሳብ ይዞ እንደሚወርድ ከአያቶቹ ሰምቷል። ያንን ትዕይንት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ሄልም የሚከብደው በዚህ ነው። እሱ እንግዳ አይደለም። የኦሴጆችን ቋንቋ ይናገራል፤ ልማዳቸውን ያውቃል፤ ለቅሶ ላይ ቀድሞ ይገኛል። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሚደርስን ሰው ማን ይጠረጥራል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ሁለት ትዕይንቶችን ብቻ ቀረብ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያው የዝናቡ ነው። ገና አልተጋቡም። ኧርነስት ሞሊ ቤት እራት ላይ ነው። ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ይመጣል። እሱ መስኮት ሊዘጋ ይነሳል፤ ማውራትም ይጀምራል። እሷ ታስቆመዋለች። ማዕበሉ ኃይለኛ ነውና ዝም ብለን እንቀመጥ ትለዋለች። ከዚያ ዝም ይባላል። ሞሊ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ሳትንቀሳቀስ ትቀመጣለች። ኧርነስት ግን መቀመጥ አይሆንለትም። ዓይኑ ይዞራል፤ ይቁነጠነጣል። ካሜራው አይጠጋም። ሙዚቃ የለም፤ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት «ምንም አልተፈጠረም» ብሎ ያልፈዋል። የሁለቱ ሰዎች ጠባይ ግን በሙሉ እዚህ አለ። እሷ ዝም ብላ ማየት ትችላለች። እሱ ከራሱ ጋር ለአንድ ደቂቃ መቀመጥ አይችልም።

ሁለተኛው መጨረሻ አካባቢ ነው። ኧርነስት ፍርድ ቤት መስክሯል። ሞሊ ድናለች። አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሱ እውነቱን ሁሉ ተናግሬ ነፍሴ ነጽታለች ይላል። እሷ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ስትወጋኝ የነበረው መርፌ ውስጥ ምን ነበረበት? ሞሊ የስኳር በሽተኛ ነች። ኢንሱሊን ያኔ ገና አዲስ መድኃኒት ነው፤ ለሰው መስጠት የተጀመረው በ1922 ነው። ባልየው በየጊዜው እየወጋት ነበር፤ ከኢንሱሊኑ ጋር ሌላ ነገር እንደነበረበትም እኛ አይተናል። አሁን ይጠየቃል። ዝም ይላል። ፊቱ ይቀያየራል። ከዚያ «ኢንሱሊን» ብሎ ይመልሳል። ሞሊ ትነሳና ትሄዳለች። አታለቅስም። አትጮህም።

አስተውይ፤ ሁለቱም ትዕይንቶች ስለ ዝምታ ናቸው። በመጀመሪያው ዝም በል አለችው፣ አልቻለም። በመጨረሻው ተናገር አለችው፣ አልቻለም። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት ሰዓት ባይኖር ያ አንድ ቃል እንዲህ አይከብድም ነበር። ርዝመቱ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ይህን ሰው ልጆቹን ሲያቅፍ፣ ሚስቱን ሲንከባከብ፣ በዚያው እጁ መርፌ ሲይዝ ለረጅም ጊዜ ካላየሽው፣ መጨረሻ ላይ «አሁን እንኳ እውነቱን ተናገር» ብለሽ አትለምኚውም። እኔ ለምኜዋለሁ። እስከ መጨረሻው የተቀመጡት ጓደኞችሽም የለመኑት ይመስለኛል።

ግድያዎቹ የተቀረጹበትን መንገድም ልብ በይ። አብዛኞቹ ከሩቅ፣ ባልተቆራረጠ ምስል፣ ያለ ሙዚቃ ነው የሚያልፉት። የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት ትገደላለች፤ ካሜራው ከቆመበት አይንቀሳቀስም። የተለመደ የወንጀል ፊልም ቢሆን እዚህ ጋ ሙዚቃ ይገባል፣ ፊት በቅርብ ይታያል፣ ልብሽ እንዲመታ ይደረጋል። ኤዲተሯ ቴልማ ስኩንሜከር ይህን ማድረግ አያቅታትም፤ በዕድሜ ዘመኗ ስትሠራው የኖረችው ነው። እዚህ ከልክላችኋለች። ግድያውን ለመዝናኛ አልሰጠቻችሁም። ለዚህ ነው ግማሹ ሰው «ቀዝቃዛ ነው» ያለው። ልክ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ሆን ተብሎ ነው።

ይህ ማለት ግን አንድ ደቂቃ አይነካም ማለት አይደለም። እኔ ብቆርጥ የምቆርጠው ቦታ አለ። ኧርነስት ገዳይ ፍለጋ የሚላላክባቸው ትዕይንቶች ይደጋገማሉ። አንዱ ሰው እምቢ ይላል፣ ሌላው ይታሰራል፣ ሌላው ይሰክራል። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ይህን ሁሉ ግፍ የሠሩት እጅግ ተራ፣ ሥራቸውን እንኳ በቅጡ የማይችሉ ሰዎች ናቸው ለማለት ነው። ግን ሁለቱ ይበቁ ነበር። የፍርድ ቤቱም ክፍል ጩኸት ይበዛዋል፤ እስከዚያ የተገነባውን ዝምታ ይበትነዋል።

«ታዲያ ለምን አንድ ሰዓት አልቆረጡትም?» ለሚል ሰው አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1984 የወጣው የሰርጂዮ ሊዮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ» አውሮፓ ውስጥ በ229 ደቂቃ ታየ። አሜሪካ ያሉት አከፋፋዮች ረዘመ ብለው 139 ደቂቃ አደረጉት፤ ወዲያና ወዲህ የሚለውንም ታሪክ በጊዜ ቅደም ተከተል ደረደሩት። አጭሩ ፊልም ወደቀ። ዛሬ ሰው የሚያደንቀው ረጅሙን ነው። ከረጅም ፊልም ላይ ደቂቃ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሄደው መጠበቁ ነው፤ መጠበቁ ሲሄድ ደግሞ የቀረው ድርጊት ትርጉም ያጣል።

ስለ ተዋናዮቹ ዕድሜም የሚያነሱ አሉ። ኧርነስት በእውነቱ ታሪክ የሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ወጣት ነበር፤ ሄልም አርባዎቹ ውስጥ ነበር። ዲካፕሪዮ እና ዴ ኒሮ ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ይህ ትክክለኛ ትችት ነው። ወጣት ሲታለል እና ጎልማሳ ሲታለል አንድ አይደለም። ሲቀጥል ግን ትረሽዋለሽ፤ ስለዚህ አልቆምበትም።

አሁን አክስትሽ ጋ ልምጣ። «ታሪኩ የሴትየዋ ሆኖ ሳለ ለምን ባልየውን ያሳዩናል?» ይህን ጥያቄ ያነሱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ክሪስቶፈር ኮት የሚባል የኦሴጅ ሰው በፊልሙ ላይ የቋንቋ አማካሪ ነበር። ፊልሙ በተመረቀበት ጊዜ በግልጽ ተናግሯል፤ እንደ ኦሴጅ ሰውነቱ ታሪኩ ከሞሊ ወገን እንዲነገር ይፈልግ ነበር፤ ያንን ለመሥራት ግን ኦሴጅ መሆን እንደሚጠይቅም አክሏል። ያኔ የኦሴጆች ዋና መሪ የነበረው ጄፍሪ ስታንዲንግ ቤር ደግሞ ዳይሬክተሩ የሕዝቡን አመኔታ እንደመለሰ ተናግሯል። ሁለቱም ሰዎች ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። መሪው የሚናገረው ስለ አክብሮት ነው፤ ኮት ስለ ዓይን። አንድ ሰው አክብሮሽም በራሱ ዓይን ብቻ ሊያይሽ ይችላል።

የእኔ ፍርድ ከአክስትሽ ጋር ነው። ምክንያቱንም ከፊልሙ ውስጥ አወጣለሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ሞሊ ከሁሉም በላይ የምታይ ሰው ነች። ኧርነስት ገንዘብ እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ ከእህቶቿ ጋር ተቀምጠው እያወቁ ይስቁበታል። ታውቃለች፣ ደግሞም ትወደዋለች። ከዚህ የበለጠ የሚስብ ሰው ፊልሙ ውስጥ የለም። ከዚያ ግን አልጋ ላይ ትወድቃለች። ፊልሙም ጥሏት ከባሏ ጋር ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የምናያት ላብ ሲያጠምቃት፣ ዓይኗ ሲከደን ብቻ ነው። ሊሊ ግላድስቶን በዓይኗ ብዙ ነገር ታደርጋለች። ለዚህ ሥራዋ ጎልደን ግሎብ ወስዳለች፤ ለኦስካርም ታጭታለች። ተዋናይት ግን ያልተሰጣትን ትዕይንት መሥራት አትችልም።

ትልቁ ጥያቄ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። እህቶቿ በዙሪያዋ እያለቁ ለምን ከዚህ ቤት አልወጣችም? መቼ ነው የጠረጠረችው? ጠርጥራ ነው የቀረችው? የእኛ ቤት እናቶች ቢጠየቁ መልስ የሚያጡ አይመስለኝም፤ ልጆች አሉ፣ ትዳር አለ፣ «የኔ ሰው እንዲህ አያደርግም» የሚል ነገር አለ። ፊልሙ ግን ይህን ከሞሊ ውስጥ ገብቶ አያሳየንም። ዋሽንግተን ድረስ ታምማ ሄዳ አቤት ያለችበት ክፍል፣ ከአልጋ የተነሳ ሰው ትልቅ ውሳኔ ሆኖ ሳለ፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ኧርነስት ለማይረባ መልእክት የተላከበት ግን ትዕይንት በትዕይንት ይዘረዘራል። ሚዛኑ እዚህ ላይ ወድቋል። ፊልሙ ረዘመ የሚሉትም ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ የሚሰማቸው ይህ ይመስለኛል፤ የረዘመው እሷ የሌለችበት ክፍል ነው።

ስለ መጨረሻውም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የቀሩትም ሰዎች ይከፋፈሉበታል። ታሪኩ ሲያልቅ ጽሑፍ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ድንገት የሬዲዮ ቲያትር ይመጣል። ነጮች መድረክ ላይ ቆመው ታሪኩን በድምፅ ያጫውታሉ፤ አንዱ የበር ድምፅ ይፈጥራል፣ ታዳሚ ያጨበጭባል። በ1930ዎቹ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ጀብዱ እውነትም በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ ስኮርሴዚ ራሱ ወጥቶ የሞሊን የሞት ማስታወቂያ ያነባል። በ1937 ሞተች፤ በማስታወቂያው ላይ ስለ ግድያዎቹ አንድም ቃል አልተጻፈም። የእውነቱ ታሪክ ውጤት ደግሞ ይህ ነው፦ ሄል በ1929 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1947 ተፈታ። ኧርነስት ሞሊ በሞተችበት ዓመት በአመክሮ ወጣ፤ በሌላ ወንጀል ተመልሶ ገባ፤ በ1966 ምሕረት ተደረገለት።

አንዳንዱ ሰው በሬዲዮው ትዕይንት «ቀለደብን» ብሎ ተቆጥቷል። እኔ በተቃራኒው፣ ዳይሬክተሩ ከአክስትሽ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው እዚያ ነው እላለሁ። የሌላ ሕዝብ መከራ በሌላ ሰው አፍ እንዴት መዝናኛ እንደሚሆን አሳየ፤ እሱም ራሱ ከዚያ መድረክ ላይ ወጣ። ጥያቄውን አልመለሰውም። መጠየቅ እንዳለበት ግን አውቋል።

ለወጡት ሰዎች ደግመሽ አሳያቸው። ግን በሌላ መንገድ አሳያቸው። ከመጀመርሽ በፊት የውርሱን ነገር አስረጃቸው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሄል ከጀርባ እንዳለም ንገሪያቸው። ፊልሙ ራሱ አይደብቀውም፣ ስለዚህ ምንም አታበላሺም፤ እንዲያውም ከተሳሳተ ጥበቃ ታድኛቸዋለሽ። ሰዓቱን ቀይሪው። 8 ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሙቀቱም አለ፣ የሚገባ የሚወጣውም ይበዛል። ማታ 12 ሰዓት አየሩ በረድ ሲል ይሻላል። ተርጓሚ በላዩ የሚያወራበትን ቅጂ አትጠቀሚ፤ የዝናቡ ትዕይንት ላይ ሰው ካወራበት ትዕይንቱ የለም ማለት ነው።

እረፍትም ስጫቸው። ፊልሙ ሲወጣ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች መሃል ላይ እረፍት አስገብተው ነበር፤ እረፍቱን እንዲተዉ ተነገራቸው፤ ኤዲተሯም እረፍቱን ተቃውማለች። ለሲኒማ ቤት ልክ ናት። በሰው ሳሎን፣ ወንበር ተበድሮ ለሚያይ ሰው ግን እረፍቱ ያስፈልጋል። ቦታውን ብቻ ምረጪ። የእነ ሪታ ቤት ፈንድቶ፣ ሞሊ ከዋሽንግተን ተመልሳ አልጋ ከያዘች በኋላ፣ ቶም ኋይት በሩን ከማንኳኳቱ በፊት አቁሚው። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ምርመራ ስላለው ለወጡትም አይከብዳቸውም፤ እስከዚያ ያለውን ካዩ ደግሞ ምርመራው ምን እንደጎደለው ራሳቸው ያዩታል።